ጡንቻው ካሜራ ውስጥ ሲገባ የት ይጠፋል? ሰውነት ገንቢን ስለ ማንሳትና ስለ ብርሃኑ

አዲስ መዝጊያ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ለአራት ዓመት ያህል የሠርግ፣ የምርቃትና የቤተሰብ ፎቶ ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ ሥራህ መጥፎ ነው ያለኝ ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሰውነት ገንቢ ወደ ስቱዲዮዬ መጣና በራሴ ላይ የነበረኝን መተማመን ይዞት ሄደ።

ውድድሩ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሸሚዙን ሲያወልቅ ካሜራዬን ረስቼ ቆሜ አየሁት፤ ትከሻው ላይ ያለው የጡንቻ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔም እንደ ልማዴ 120 ሳንቲሜትሩን ባለ ስምንት ማዕዘን ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሰውን የጨርቅ ሳጥን) ከፊቱ በ45 ዲግሪ አቆምኩ፣ በሌላው ጎን ነጭ አንጸባራቂ ሰሌዳ አደረግሁ፣ ከኋላው ነጭ መጋረጃ ዘረጋሁ። ፎቶውን ስመለከት ያ ሁሉ ክር የለም። የሚታየው በደንብ የበላ፣ ጤነኛ፣ ሰፊ ሰው ነው። እሱም የካሜራውን መስኮት አይቶ ዝም አለ፤ ቆይቶ «ወንድሜ፣ እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ቅዳሜ ያለ ክፍያ በድጋሚ ላነሳው ቃል ገብቻለሁ። ሁለት የስቱዲዮ ፍላሽ አለኝ። ትልቁ ሶፍትቦክስ፣ 30 በ120 ሳንቲሜትር የሆነ ቀጭን ሶፍትቦክስ ከነግሪዱ (ያ የማር እንጀራ የሚመስለው መረብ)፣ አንድ ቢዩቲ ዲሽ የሚባለው የብረት ሳህን፣ 50 እና 85 ሚሊሜትር ሌንሶች፣ ሙሉ ፍሬም ካሜራ። ክፍሉ 4 በ6 ሜትር ነው፤ ጣሪያው 2.7 ሜትር፣ ግድግዳው በሙሉ ነጭ። ምኑን ነው ያጠፋሁት?


ባለ ስድስት መብራት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

በሁለት ፍላሽ ሰውነት ገንቢ አይነሳም። ከኋላ ሁለት፣ ከላይ አንድ፣ ከፊት አንድ፣ ለመጋረጃው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ያስፈልግሃል። ከሌለህ ተከራይ፤ መከራየት ካልቻልህ ሥራውን ላለው ሰው አስተላልፍ።


ጨለማ ክፍል — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መብራት መቁጠር በኋላ ይደረስበታል።

ልጄ፣ መብራትህ አልዋሸም፤ ያዘዝኸውን ነው የሠራው። ሠርግ ላይ የምትፈልገው ምንድን ነው? ጥላ እንዲጠፋ፣ ከዓይን ሥር ያለው ድካም እንዲሸፈን፣ ጉንጭ እንዲለሰልስ። ትልቁ ሶፍትቦክስ ከፊት፣ ነጩ ሰሌዳ ከጎን፣ ነጩ ግድግዳ ከዙሪያ ተባብረው ጥላውን በሙሉ አሳደዱልህ። በሁለት ጡንቻዎች መካከል ያለው ሸለቆ ካልጨለመ ግን ኮረብታው ኮረብታ መሆኑን ማን ያውቃል?

ቅዳሜ ሳይደርስ ዛሬ ማታ ይህን ሞክር። አንድ አንሶላ ጨባብጠህ ወንበር ላይ ጣል፤ ክፍሉን አጨልም። የእጅ ባትሪ ከዓይንህ አጠገብ ይዘህ አብራበት፤ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋና ዝርግ ጨርቅ ይመስልሃል። ቀጥለህ ባትሪውን ቀስ እያልህ ወደ ጎን ውሰደው። ብርሃኑ ጨርቁን መግጨት ትቶ መታከክ ሲጀምር እጥፋቶቹ ተራ በተራ ይነሳሉ። ከዚያም አልፈህ ከኋላ ጎን ስታመጣው ጫፍ ጫፉ ብቻ እንደ ክር ያበራል። ሦስቱን ቦታዎች እጅህ እስኪለምዳቸው ደጋግማቸው። የሰውየው ገላ ከዚህ አንሶላ የተለየ ጠባይ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። የዘመናዊ ሰውነት ግንባታ አባት የሚባለው ኢዩጂን ሳንዶው (1867–1925 እ.ኤ.አ.) ገላውን ነጭ ዱቄት ተቀብቶ እንደ እምነበረድ ሐውልት ሆኖ ይታይ ነበር። ነጭና ወዝ የሌለው ገላ ቅርጹን የሚናገረው በጥላው ነው። የዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ቀለም ተቀብተው፣ ጠቁረው፣ በዘይት ወዝተው ይወጣሉ። የጠቆረና የወዛ ገላ ቅርጹን የሚናገረው በብልጭታው ነው። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጥላ ፍለጋ ስትደክም ብትውል ጥላው ከገላው ጋር ይቀላቀልና ታጣዋለህ፤ ብልጭታውን የት እንደምታስቀምጥ ግን ካወቅህ አለቀ። ስለዚህ ሰውየው ቅዳሜ በምን መልክ እንደሚመጣ አስቀድመህ ጠይቀው።


ባለ ስድስት መብራት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ጋሼ፣ አንሶላው ጥሩ ነው፤ ዋናውን ግን አልነገሩትም። ለስላሳ ብርሃን ለጡንቻ ሞት ነው። ሶፍትቦክሶቹን ሁሉ አውልቆ በባዶ ፍላሽ ያንሳ፤ ከፊትም ቢሆን ያወጣለታል።


ጨለማ ክፍል — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ፀሐይ ከምድር ስትታይ ትንሽና ጠንካራ ብርሃን ናት፤ ከእርሷ የጠነከረ ፍላሽ የለህም። ሙሉ ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይተህ ታውቃለህ? ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ፊት ለፊት ስለምትመታት ጉድጓዶቿ ይጠፋሉ፤ የተቀባ ሳህን ትመስላለች። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው የመጣችበት ጎን ነው። ቅርጽ የሚያወጣው አቅጣጫ ነው። መጠን የሚወስነው የጥላውን ጠርዝ ነው፤ ስል ይሁን ወይስ እየሳሳ ይጥፋ የሚለውን።


ባለ ስድስት መብራት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡11

በጨረቃው ተሸንፌያለሁ። በመብራት ቁጥር ግን ገና አልተሸነፍኩም።


ጥላ ለቃሚ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ባለህ ነገር በትክክል የሚሠራ አቀማመጥ ልንገርህ፤ በዚህ ዓይነት ጠባብ ክፍል ብዙ ተሠቃይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ግድግዳውን ግደለው። ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር የተቀባ ሰሌዳ በሰውየው ግራና ቀኝ፣ በፎቶው ውስጥ እስከማይታይ ድረስ አስጠግተህ አቁም። ነጭ ግድግዳ ባለበት 4 ሜትር ወርድ ክፍል ውስጥ የምታበራው እያንዳንዱ ፍላሽ ተመልሶ ጥላህን ይሞላዋል። ሰዎች ይህን ንቀው መብራት ይገዛሉ፤ ጨርቁ ግን ከሁለተኛው ፍላሽ ይበልጥ ይጠቅማል። ነጩን መጋረጃም በጥቁር ወይም በጥቁር ግራጫ ቀይረው፣ ሰውየውንም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከመጋረጃው አርቀው።

ዋናው ብርሃን የብረት ሳህኑ ይሁን። ከሰውየው ትንሽ ፊት ለፊት፣ ከፍ አድርገህ፣ ወደ ታች በ60 ዲግሪ ገደማ እንዲያይ አዘንብለው። ብርሃን ከላይ ሲወርድ ደረቱ ከሥሩ ጥላ ይጥላል፣ የሆድ ጡንቻዎቹም እያንዳንዳቸው የታችኛውን ያጠላሉ፤ ያ ሲክስ ፓክ የምትሉት የሚወጣው እዚያ ነው። መድረክ ላይ ተወዳዳሪዎች የሚያምሩት መብራቱ ከጣሪያ ስለሚመጣ ነው። ቀጭኑን ሶፍትቦክስ ደግሞ ከነግሪዱ ከኋላ ጎን፣ በቁመቱ አቁመው። ከትከሻ እስከ ባት ድረስ የሰውነቱን ጠርዝ በአንድ ረጅም መስመር ይስልልሃል። ግሪዱን እንዳትረሳ፤ ያለ እርሱ ብርሃኑ ሌንስህ ውስጥ ገብቶ ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል።

አሁን የጣሪያህ ችግር አለ። ሳህኑን 2.5 ሜትር ላይ ሰቀልኸው እንበል፤ ሰውየው 1.75 ሜትር ነው። ከራሱ እስከ መብራቱ 75 ሳንቲሜትር፣ ከእግሩ እስከ መብራቱ 2.5 ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ብርሃን የሚደክመው ደግሞ በርቀቱ ካሬ ስለሆነ እግሩ ላይ የሚደርሰው ራሱ ላይ ካረፈው አሥራ አንድ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ በዚህ መብራት ከወገብ በላይ ብቻ አንሳ፤ እዚያ ላይ ይህ መድከም እንዲያውም ያምራል፤ ዓይን ትከሻ ላይ አርፎ ወደ ጨለማ ይወርዳል። ሙሉ ቁመት ስታነሳ ሳህኑን አውርደህ ትልቁን ሶፍትቦክስ ከጎን፣ በተቻለህ መጠን አርቀህ አቁመው፤ የሚመጣውም ከሰውየው ቀጥታ ጎን እንጂ ከፊቱ እንዳይሆን።

መለኪያው ቀላል ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/160 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ f/8። ፍላሾቹን አጥፍተህ አንድ ፎቶ አንሳ፤ ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ካልሆነ የክፍሉ አምፖል ወይም መስኮቱ ሥራህ ውስጥ እየገባ ነው። ከዚያ የጠርዙን መብራት ብቻውን አብርተህ አስተካክል፣ አጥፋው፣ ዋናውን ብቻውን አስተካክል፣ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ። ሁለቱን አብርቶ መነካካት የጀመረ ሰው የትኛው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ይመሻል።


አዲስ መዝጊያ — ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡15

አንሶላውን ሞከርኩት፤ ባለቤቴ ምን ነካህ አለችኝ። ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ብርሃን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ዘይት ይቀባ ወይስ አይቀባ? በ85 ሚሊሜትሩ ሙሉ ቁመቱን ማንሳት እችላለሁ? ደግሞም መብራቱ እንዲህ ከላይ ሲመጣ የሰውየው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ አይገባም ወይ?


ሦስት እግር — ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡40

ሁለተኛው በሒሳብ የሚያልቅ ስለሆነ እኔ ልመልሰው። ከራስ በላይና ከእግር በታች ትንሽ ትርፍ ጨምረህ 2.2 ሜትር ቁመት ማስገባት አለብህ። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ወደ ቁመት ሲዞር የምስል መያዣው ርዝመት 36 ሚሊሜትር ነው። 85 ሚሊሜትሩ 5.2 ሜትር ገደማ መራቅ ይፈልጋል፣ 50ው ደግሞ 3 ሜትር። ክፍልህ 6 ሜትር ነው፤ ከመጋረጃው ያለው ሜትር ተኩል ሲቀነስ 4.5 ሜትር ይቀራል፤ አንተ ራስህም መቆሚያ ያስፈልግሃል። ስለዚህ ሙሉ ቁመት በ50፣ ከወገብ በላይ በ85። ለወገብ በላይ 2.6 ሜትር ይበቃል።

ካሜራውን ለሙሉ ቁመት እምብርቱ አካባቢ ዝቅ አድርገው። ከዓይን ከፍታ ቆመህ ወደ ታች ካነሳህ እግሩ ያጥራል፤ የሁለት ዓመት የእግር ልፋቱን በአንድ ንክኪ ታጠፋበታለህ። በጣም ዝቅ ካልህ ደግሞ ጭኑ ተራራ ሆኖ ራሱ ሎሚ ያህላል።


ብረት አንሺ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ማን ያውራ የነበረ። እኔ ካሜራ አልይዝም፤ ካሜራው ፊት የምቆመው ሰውዬ ነኝ። ሰባት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ የወደድሁት ሁለቱን ነው። ከመብራት በፊት ጥቂት ነገር ስሙኝ።

አንድ አቋም ይዞ ጡንቻን በሙሉ ኃይል መወጠር ከባድ ሥራ ነው። ሁለት እጅን አንስቶ የክንድን ጡንቻ ማሳየት ቀላል ይመስላችኋል፤ በዚያው ቅጽበት እግር፣ ሆድ፣ ጀርባ ሁሉም ተወጥሯል። አምስት ስድስት ሰከንድ በደንብ እይዛለሁ፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ አንገቴ ያብጣል፣ ፊቴ ይጨማደዳል። አንዱ ፎቶ አንሺ «እንዳትንቀሳቀስ» ብሎኝ የመብራቱን ማቆሚያ ሊያስተካክል ሄደ። ሲመለስ ያነሳው የእኔን ሳይሆን የሥቃዬን ፎቶ ነበር። መብራታችሁን በሌላ ሰው ላይ አስተካክላችሁ ጠብቁኝ። እኔ ስደርስ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ ቁጠሩ፤ በሦስት እወጥራለሁ፣ ታነሳላችሁ፣ እለቃለሁ። ሆዴን ስታነሱ ደግሞ ትንፋሼን እስካስወጣ ጠብቁ፤ በአየር የተሞላ ደረት የሆድ ጡንቻን አይጨምቅም።

ከመነሳቴ በፊት ጡንቻዬን በደም መሙላት አለብኝ፤ እኛ ፓምፕ እንለዋለን። በላስቲክ ገመድና በመሬት ግፊያ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሙላቱ ግን ብዙ አይቆይም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጉደል ይጀምራል። ስለዚህ ዋናዎቹን ፎቶዎች ለመጨረሻ አታቆዩአቸው። እግር ላይ ደግሞ ብዙ ፓምፕ አልወድም፤ ጭን በደም ሲሞላ ያብጥና በጡንቻዎቹ መካከል ያለው መስመር ይደፈናል። ክፍሉን አሙቁት። ብርድ የያዘው ሰው ደም ሥሩ ይሸሸጋል፤ ከቁምጣ በቀር ምንም ሳይለብስ የቆመው እኔ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አሁን ከበድ ያለውን ልናገር። ለውድድር የቀረበ ሰው ምግቡን ቀንሷል፤ አንዳንዱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ውሃም ይቀንሳል። ይህ ሰው መድረክ ላይ የሚያምረውን ያህል ከውስጥ ደክሟል። ቶሎ ከተነሳ ያዞረዋል። ወንበር አዘጋጁለት፣ ውሃ አቅርቡለት፣ ፊቱ ሲገረጣ ወይም ንግግሩ ሲዘገይ ካያችሁ ካሜራውን አስቀምጡ። ለፎቶ ሲባል ብቻ ውሃ እንዲተው አትጠይቁት፤ እርሱ ከፈለገም እናንተ አታበረታቱት።

ስለ ፊት ጠይቀሃል። ከሰባቱ አንዱ ሆዴን እንደ ተጠረበ ድንጋይ አውጥቶት ነበር፤ ኮርቼ ለእናቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችና «ይህስ ጎበዝ ነው፤ ፊትህ ግን የት አለ?» አለችኝ።


ዝምተኛዋ ሌንስ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

የብረት አንሺ እናት የዚህ ውይይት ምርጥ ተቺ ናቸው። አዲስ መዝጊያ፣ ሰውየው ያዘዘህ የገላ ማስረጃ ነው ወይስ ሥዕለ ገጽ? ሁለቱ አንድ ብርሃን አይጋሩም። ሆድን የሚያወጣ መብራት ዓይንን ይቀብራል፤ ዓይንን የሚያወጣ መብራት ሆድን ያስተኛል። በአንድ ፎቶ ሁለቱንም ለማግኘት የሚጨነቁ ሰዎች ከፊት ደካማ መብራት ይጨምሩና ሁለቱንም በግማሽ ያጣሉ። እኔ መጀመሪያ እወስናለሁ፦ የዚህ ፎቶ ባለቤት ገላው ነው ወይስ ፊቱ?

ገላው ከሆነ ፊቱ ጥላ ውስጥ ይግባ፤ ወደ ታች ይይ፣ ወደ ጎን ይዙር፣ ዓይኑን ይጨፍን። ዓይን እንደሌለ ስታደርገው ማንም አይፈልገውም፤ ግማሽ ታይቶ ግማሽ ሲቀር ነው የሚያውከው። ፊቱ ከሆነ ግን መብራቱን ከማንቀሳቀስህ በፊት አገጩን አንቀሳቅስ። ከላይ ወደሚመጣው ብርሃን ጥቂት ሲያቀና ቅንድቡ ዓይኑን መሸፈን ያቆማል፤ ዓይኑ ውስጥም ያች ነጥብ ብርሃን ትገባለች። ይህ ካልበቃ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ከደረቱ ፊት፣ ከፎቶው ጠርዝ በታች አድርግ፤ ከደረት በላይ ስታነሳ ብቻ ነው ታዲያ። ሆዱ በሚታይበት ፎቶ ላይ ይህን ሰሌዳ ካስገባህ ጋሼ ጨለማ ክፍል ያስተማሩህን ሁሉ ትደመስሳለህ።

ስለ ዘይት። የወዛ ቆዳ መስታወት ነው፤ ገላው ላይ የምታየው ብልጭታ የመብራትህ ምስል ነው። ቀጭን ሶፍትቦክስ ረጅምና ለስላሳ መስመር ይሆናል፤ ባዶ ፍላሽ ደግሞ እዚህም እዚያም የተረጨ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ባለ ስድስት መብራት የመከረህን ባዶ ፍላሽና ዘይትን በአንድ ላይ አታድርግ፤ ሰውየው ዝናብ የመታው ይመስላል። የሕፃናት ዘይት በመዳፍ ሙቀት ቀጥኖ፣ በስሱ ይቀባል፤ ትርፉ በፎጣ ይነሳል። ብዙ ዘይት ጥሩ አይደለም፤ ቆዳን ፕላስቲክ ያስመስላል። ላብ እንዲመስል ከፈለግህ ግሊሰሪንና ውሃ እኩል ቀላቅለህ በመርጫ ከሩቅ ርጭ፤ ጠብታው ቶሎ አይደርቅም፣ አይወርድም። ዘይት ሁልጊዜ በኋላ ይምጣ፤ መጀመሪያ ያለ ዘይት አንሳ፣ ምክንያቱም ከተቀባ በኋላ መመለስ የለም። ከተቀባም በኋላ ብረት አያንሳ። የተቀባ መዳፍና የተቀባ ወለል ላይ ከባድ ብረት ማስያዝ እብደት ነው፤ በባዶ እጁ ይወጥር።

ደግሞ ማን ይቀባዋል? እኔ በአብዛኛው ሴት ስፖርተኞችን ነው የማነሳው፤ ጀርባቸውን የሚቀባ የሚያምኑትን ሰው ይዘው እንዲመጡ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ለወንድም ያው ነው። ቁምጣው ቢጣመም፣ ክንዱ ቢወርድ በቃል እናገራለሁ ወይም በራሴ ገላ አሳያለሁ እንጂ ሳልጠይቅ እጄን አልዘረጋም። ገላውን አጋልጦ በማያውቀው ሰው ፊት የቆመ ሰው ጡንቻው ምንም ያህል ቢገዝፍ ዕርቃኑን እንደ ቆመ አትርሱ።


ባለ ስድስት መብራት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

ዝናብ የመታው ሰው ስብስብ አለኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታይል ነው እያልሁ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። እህቴ፣ ተቀብያለሁ።


የመስኮት ሥር — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ፍላሽ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። እኔ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለኝ። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ትልቅ ሶፍትቦክስ ነው፤ ሰውየውን ከመስኮቱ ጎን አቁሜ፣ በማዶው ጥቁር ጨርቅ ሰቅዬ አነሳለሁ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሲቆም ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ትንሽ አልፎ ሲቆም፣ የመስኮቱ ጠርዝ ብቻ ሲያገኘው፣ የጎድን አጥንቱ ላይ እንደ ጣት የተደረደሩት ጡንቻዎች ሁሉ ይወጣሉ።


አዲስ መዝጊያ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ደወልኩለት። ውድድሩ ገና ስለሆነ ቀለሙን አልተቀባም፤ በተፈጥሮ ቆዳው ይመጣል፣ ጠይም ነው። ዘይቱን ወንድሙ ይቀባዋል። ማስረጃ ነው ወይስ ሥዕለ ገጽ ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «ሁለቱንም እፈልጋለሁ፤ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ካልኸኝ ልጄ ስታድግ አባቷን የምታውቅበትን» አለኝ። ስለ ማስተካከሉም ንገሩኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ እጄ ይበዛል።


ጥላ ለቃሚ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡45

እጅህ የሚበዛው በማስተካከያ ፕሮግራሙ ውስጥ ክላሪቲ የሚባለው መጎተቻ ላይ ከሆነ ቁረጠው። እርሱ የጡንቻውን መስመር ከቆዳው ቀዳዳ አይለይም፤ ሁሉንም ያጎላና ሰውየውን ከሰል ፈጭቶ የወጣ ያስመስለዋል። እኔ በ50 በመቶ ግራጫ የተሞላ ሽፋን (ሌየር) ከፎቶው በላይ እከፍታለሁ፣ ከፎቶው ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ «ሶፍት ላይት» አደርጋለሁ፣ ከዚያ በጣም ደካማ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ ብርሃኑ ያለበትን ጥቂት አበራለሁ፣ ጥላው ያለበትን ጥቂት አጨልማለሁ። ብርሃን ያልፈጠረውን ጥላ በብሩሽ አትፍጠር፤ የሰውነትን አሠራር የሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ ይይዝሃል። ወገብ ማጥበብ፣ ክንድ ማስፋት ደግሞ ስድብ ነው። ሰውየው በልፋቱ ያመጣውን አንተ በመዳፊት ልትጨምርለት?

ሮው ፋይል (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ምስል) አንሳ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ አስይዘው፣ የቀለሙን ሚዛን ከርሱ ውሰድ። በኋላ ለውድድር ቀለም ተቀብቶ ከመጣ ደግሞ በሂስቶግራሙ (የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ግራፍ) ላይ ቀዩን መስመር ለብቻው ተከታተል፤ ያ ብርቱካናማ ቀለም ሌሎቹ ደህና መስለው ሳሉ ቀዩን ቀድሞ ያፈነዳዋል፤ ዝርዝሩ ይጠፋል። ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይር ቀዩንና ብርቱካናማውን ዝቅ ካደረግህ ቆዳው ይጠቁራል፣ ብልጭታው ጎልቶ ይቀራል። በጥንቃቄ ታዲያ፤ ከንፈሩም ቀይ ነው፣ አብሮ ይጠቁራል።


አዲስ መዝጊያ — እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡00

ፎቶው ተነሳ! የሆነውን ልንገራችሁ።

ዓርብ ማታ ወንድሜን አቁሜ መብራቱን አስተካከልኩ። ወንድሜ ቀጭን ነው፤ ሆኖም በዚያ ብርሃን የጎድን አጥንቱን ቆጠርኩለትና ሁለታችንም ሳቅን። ጥቁሩን ጨርቅ ግራና ቀኝ ስሰቅል የመጣው ልዩነት አስደነገጠኝ፤ መብራቱን አልነካሁም፣ ግን ሌላ ፎቶ ሆነ። ጥላ ለቃሚ፣ ያለ ፍላሽ ያነሳሁት የመጀመሪያው ፎቶ ድፍን ጥቁር አልነበረም፤ በበሩ ሥር የሚገባ ብርሃን አግኝቼ በፎጣ ደፈንኩት።

ቅዳሜ ያጋጠመኝ መሰናክል የጠርዙ መብራት ነበር። ግሪዱ እያለም ሌንሴ ጭጋግ ለበሰ። ግማሽ ሰዓት ከተከራከርሁት በኋላ በሌንሱና በመብራቱ መካከል አንድ ጥቁር ካርቶን በማቆሚያ ብሰቅል ተገላገልኩ። ግማሽ ሰዓቱ ግን ዋጋ አስከፈለኝ፤ የሰውየው ፓምፕ ጎደለ፣ ወንድሙ ላስቲኩን ይዞ እንደገና ሊያሞቀው ጓሮ ወሰደው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው፤ ዓርብ ያን የጠርዝ መብራት በ85ቱ ሌንስ አልሞከርሁትም ነበር።

በሦስት መቁጠሩ ሠራ። ያለ ዘይት ሠላሳ ያህል፣ በዘይት ሃምሳ ያህል አነሳሁ። የጀርባው ፎቶ ላይ ቀጭኑ ሶፍትቦክስ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ጡንቻዎች ሲያበራ ወንድሙ ከኋላዬ ቆሞ «ኧረ!» አለ። ሰውየው የካሜራውን መስኮት አይቶ እንደ ባለፈው ዝም አለ፤ የዝምታው ዓይነት ግን ሌላ ነበር።

የመረጠው ፎቶ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። በመካከል ደክሞት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ውሃ ጠጣና ወደ ላይ፣ ወደ መብራቱ ቀና ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ። እኔ ካሜራዬ በእጄ ነበር። አገጩ ቀና ስላለ ዓይኑ ውስጥ ነጥቧ ገብታለች፤ ጡንቻው አልተወጠረም፤ ክንዱ ግን በጉልበቱ ላይ እንዲያው አርፎ ደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። ለልጁ የሚያስቀምጠው ያን ነው።


ብረት አንሺ — እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡20

እኔም ከሰባቱ የወደድኳቸው ሁለቱ ባልወጠርኩበት የተነሱ ናቸው፤ አሁን ነው ልብ ያልኩት።


ባለ ስድስት መብራት — እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡31

በሁለት መብራት! እሺ።


ጨለማ ክፍል — እሑድ፣ ከረፋዱ 5፡10

ጎሽ ልጄ። ወለሉን ጠርገሃል?


አዲስ መዝጊያ — እሑድ፣ ከረፋዱ 5፡14

ጋሼ፣ ትናንት ማታ ሁለቴ፣ ዛሬ ጠዋት አንዴ ወልውዬዋለሁ። አሁንም ያንሸራትታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ዘይት ከወለል የሚያስለቅቅ ነገር የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይንገረኝ።


ዝምተኛዋ ሌንስ — እሑድ፣ ከረፋዱ 5፡18

የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በሙቅ ውሃ፣ በብሩሽ ፈትገው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። የሙሽራዋ ቀሚስ ወለል የሚጠርግ ከሆነ ግን አሁኑኑ ጀምር።